ስለ ሁለት ወፎችና ስለ ባለቤቴ ቡናማ ካፖርት

ኤፕሪል 22 ቀን

ለጠረፉ ተፈጥሮ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በእርባታ ወራት ወደ ሄልሾልመን ደሴት እንዳልገባ የተጣለብኝ ክልከላ እንዲነሣልኝ ስለመጠየቅ

አመልካች ቦርግሂል ኡተርቬር የሰባ ስምንት ዓመት ሴት ስሆን፣ ከባለቤቴ ከኤርሊንግ ጋር፣ እሱ ካረፈም በኋላ ብቻዬን፣ በደሴቷ ላይ ኤደር የሚባለውን የባሕር ዳክዬ ስጠብቅ ኖሬአለሁ።

1. ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት ኤደር እንቁላሏን የምትታቀፈው ሰው ደጅ ነው፤ ንስር ሰውን ይሸሻልና። እኛ የባሕር አረም አድርቀን በሠራንላት የሳንቃ ቤቶች ውስጥ እናነጥፍላታለን። ጫጩቶቿን ይዛ ባሕር ስትወርድ የተወችውን ለስላሳ ላባ ለብርድ ልብስ እንወስዳለን። ውላችን ይኸው ነው።

2. ከሁለት ዓመት በፊት ጅራተ ነጭ የባሕር ንስር በደሴቷ ሰሜን ጫፍ ጎጆ ሠራ። የጽሕፈት ቤቱ ባልደረባ ሊያየው በሜይ ወር ብርቱካናማ ጃኬት ለብሶ ወረደ። እኛ በእርባታ ወራት ልብስ አንለውጥም፤ እኔ እስከ ዛሬ የምለብሰው የኤርሊንግን ቡናማ ካፖርት ነው። ዳክዬዎቹ የሚያውቁት ካፖርቱን ይመስለኛል። ጃኬቱን ሲያዩ ሁሉም በአንድ ጊዜ ብድግ አሉ፤ እንቁላሉን ቁራ ለቀመው።

3. ዓምና ደሴቷ ለንስሩ ሲባል እስከ ጁላይ ተከለለች። ትእዛዙን አከበርኩ። ትቼው የሄድኩት አርባ አንድ ጎጆ ነበር፤ ስመለስ የቆየኝ ሰባት ነው። እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

4. ንስሩን አልጠላውም። የባለቤቴ አባት ንስር ገድሎ ከመንግሥት ሽልማት ይቀበል ነበር፤ በልጅነቴ በሰማያችን አንድ ማየት ብርቅ ነበር። መጠበቁ ደግ ሆነ። ዛሬ ግን በመዝገባችሁ ንስሩ «ስጋት የሌለበት»፣ ኤደሯ «ለመጥፋት የተጋለጠች» ተብለው ተጽፈዋል። ታዲያ የዳነው ሲከለልለት እየጠፋች ያለችው ጠባቂዋን ለምን ትነጠቃለች?

5. ስልክ ብደውል አንዲት ባለሙያ «እማማ፣ ዘንድሮም ክልከላው ጁላይ ላይ ስለሚያበቃ ያኔ ይሂዱ» አለችኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ጎረቤቴ ዓሣ አጥማጁ አስላክም «ለዳክዬ ብለሽ እስር ቤት ልትገቢ ነው? እዚያ እኮ የላባ ብርድ ልብስ የለም» እያለ ያሾፍብኛል።

ስለዚህ ከሜይ 1 እስከ ጁን መጨረሻ በደሴቷ ደቡብ ጫፍ ባለችው ትንሽ ቤቴ እንድቀመጥ ይፈቀድልኝ ዘንድ በትሕትና አመለክታለሁ። ወደ ንስሩ እንደማልጠጋ ቃሌን እሰጣለሁ።

አስላክ ትናንት ዳክዬዎቹን ከደሴቷ አጠገብ ባሕሩ ላይ አይቷቸዋል። ስንት እንደሆኑ አልቆጠረም። ከዚያ ወዲህ ከመስኮቱ መራቅ አቅቶኛል፤ ይህን የምጽፈውም ካፖርቱን እንደለበስኩ ነው። መልስዎ እስከ ሜይ 1 ካልደረሰኝ እሄዳለሁ። ይህን የምናገረው በድፍረት ሳይሆን መዋሸት ስለማልወድ ነው። ሊያስወጣኝ ሰው ቢላክ አላስቸግርም፣ ተከትዬው እወጣለሁ። እሱ ግን እባክዎ ጃኬቱን ጀልባው ውስጥ አውልቆ ይውረድ።

ከአክብሮት ሰላምታዬ ጋር

ቦርግሂል ኡተርቬር
(ፊርማ)