ያላየሁት አሜሪካ

ሰኞ፣ ኅዳር 8፣ ማለዳ

ዛሬም ለአባዬ ሽመና ማግ አጠነጠንኩ። ክሩ እጄ ላይ ይበጠሳል። ንዴት ነው። ዓርብ የሆነውን አልነገርኩሽም፣ ማስታወሻዬ፤ መጻፍ አቅቶኝ ነው። ከክርክሩ ወጥቻለሁ። ወጥቻለሁ ስል፣ አስወጡኝ።

ርዕሱን ታውቂዋለሽ፦ አሜሪካ ለዓለም የዴሞክራሲ አርአያ ናት ወይ? በወሩ መጨረሻ ከሌሎች ት/ቤቶች ጋር ለሚደረገው ውድድር ከኛ አንድ ተናጋሪ ብቻ ይሄዳል። እኔ ነበርኩ። አይደለችም ብዬ ተዘጋጅቼ ጨርሻለሁ። ክበቡን የሚመራው የእንግሊዝኛ መምህራችን ቲቸር ሰለሞን ግን ያላየሽውን አገር መተቸት ድፍረት ነው አለኝ፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ። ቦታዬን ለቤቴል ሰጣት። ክረምቱን ቨርጂንያ አክስቷ ጋ ከርማ መጥታለቻ።

እሱስ ለንደንን አይቶ ነው እንግሊዝኛ የሚያስተምረን? አላለቀስኩም። እስከ ቁስቋም ዳገቱን በእግሬ ወጥቼ ተመለስኩ።

በቃ። እንዲህ አይቀርም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10፣ ምሳ ሰዓት

አገኘሁት። ሚኒ ሚዲያ! በእረፍት ሰዓት ድምፅ ማጉያው ግቢውን ሁሉ ይደርሳል። ቤቴልን እዚያ ግጠሚኝ አልኳት።

ሳቀች። «ነይ በቃ። እንዳታለቅሺብኝ ግን።»

«ሶፍት ያዢ» አልኳት፣ «ለራስሽ።»

ምክትል ርዕሰ መምህርቷ ፈቀዱ። ተማሪው ይፍረድ፣ ያሸነፈችው ትሂድ አሉ። ቲቸር ሰለሞን ፊቱ ጠቆረ። እምቢ ማለት ግን አልቻለም።

ከዚያ ክፍሉን እየዞርኩ ስለ አሜሪካ ምን ታስባላችሁ እላለሁ። አንዱ የነሱን ምርጫ ከኛ ወረዳ ምርጫ የበለጠ ያውቃል፤ የትኛው ስቴት ለማን እንደመረጠ በቃሉ ይወጣዋል። አንዷ ወንድሟ እዚያ ትራክ ይነዳል፤ እዚያ ሕክምናው ስለሚወደድበት ጥርሱን የሚነቅለው ለእረፍት አዲስ አበባ ሲመጣ ነው። ሌላዋ እዚያ ልጆች ት/ቤት ውስጥ ከተኩስ መደበቅን እንደ ስፖርት ክ/ጊዜ ይለማመዳሉ፣ እኔ አልሄድም አለች። ቆይታ ደግሞ፣ ቪዛ ከሰጡኝ ግን እሄዳለሁ።

እኔ እትዬ አልማዝን አሰብኩ። ጎረቤታችን። ጳውሎስ አካባቢ በአሜሪካ እርዳታ በሚሠራ ጤና ጣቢያ ነፍሰ ጡሮችን ያማክሩ ነበር። እዚያ ማዶ አንድ ወረቀት ተፈረመ፣ እርዳታው ቆመ፣ እሳቸው ቤት ዋሉ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ሲያቃጥል ነው ያረፈደው፣ የኅዳር ጭስ። ዓይኔ ቀልቶ ገባሁ። ቤቴል አይታኝ፣ ገና ሳንጀምር? አለችኝ።

ቀድማ ተናገረች። ጥሩ ተናገረች፣ አልክድም። በአክስቷ ከተማ አንዲት አሮጊት ስብሰባ ላይ ከንቲባውን ፊት ለፊት ሲዘልፉት አይታለች። ማንም አልነካቸውም። ዘልፈው ሲጨርሱ ቦርሳቸውን አንስተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ቀናሁ።

ተራዬ ደረሰ። አሜሪካ መሄድ የሚፈልግ እጁን ያውጣ አልኩ። ግቢው እጅ ብቻ ሆነ፣ ዘበኛው ጭምር። ፖለቲካዋን ወዶ የሚሄድ ብቻ እጁን ያቆይ አልኩ። እጆች ወረዱ። ሳቅ።

ቤቴል ማይኩን ነጠቀችኝ። «አንቺስ? እናንተ ቤት ዲቪ አልተሞላም?»

ግቢው ጮኸ። መዋሸት እችል ነበር፣ ማን ያውቃል?

ተሞልቷል አልኩ። አባዬ በየዓመቱ ይሞላል፣ የኔም ፎቶ አለበት። ቢደርሰን እሄዳለሁ። መሄድ የሚፈልግ ሰው ዓይኑን ይጨፍን የሚል ሕግ አለ? ከዚያ የእትዬ አልማዝን ነገር ነገርኳቸው። እሳቸው አሜሪካን አላዩም፤ አሜሪካ ግን ጉለሌ ድረስ መጥታ ከሥራ አስወጥታቸዋለች። እዚያ መርጠው አያውቁ፣ ሊዘልፉት የሚችሉት ከንቲባ የላቸው። አርአያ ለማን?

ጭብጨባው! ደወሉ ሲደወል እንኳ አልቆመም። ም/ር/መምህርቷ እጄን ይዘው ወደ ላይ አነሱት። ቲቸር ሰለሞን አጨበጨበ፣ ቀስ ብሎ። አየሁት፣ ማስታወሻዬ። እስኪጨርስ ድረስ ዓይኔን ከሱ ላይ አልነቀልኩም።

ሰኞ፣ ኅዳር 15፣ ከት/ቤት መልስ

ቲቸር ሰለሞን አስጠራኝ። እንኳን ደስ አለሽ አለ። ከክርክሩ ስላስወጣኝ ይቅርታ? የለም። ውድድሩ ላይ ከኤምባሲ የሚመጡ አሜሪካውያን እንግዶች አሉ፤ የእትዬ አልማዝን ነገር ከንግግርሽ አውጪው፣ በምስጋና ጨርሺ አለኝ። በደግነት ነው ያለኝ። ይሄ ነው የባሰው።

እዚያ አገር ማንም ሰው ፕሬዚዳንቱን በራፉ ላይ ቆሞ ሊቃወም ይችላል ብሎ ዘጠነኛ ክፍል ያስተማረን ራሱ ነው። ይህንኑ ነገርኩት። ወረቀቶቹን አገላበጠ።

ለቤቴል ነገርኳት። ተሸንፋም ልታለማምደኝ መጥታ፣ ደረጃው ላይ አብረን ተቀምጠን ሰዓት እየያዘችልኝ ነበር፤ ትፈጥኛለሽ፣ አንቺ ክፉ፣ ተንፍሺ እያለች። ሰዓቱን አቆመችና፣ አታውጪው አለች።

አላወጣውም። ከመጨረሻው አንስቼ መጀመሪያ ላይ አደርገዋለሁ። እንግዶቹ አፍንጫ ሥር፣ በራሳቸው ቋንቋ። እስክጨርስ ከሰሙኝ፣ ስለ አሜሪካ ቤቴል ልክ ናት። ካስቆሙኝ እኔ።