የአባትህ የበረዶ ጎማዎች

ሂርቪላምፒ
እሑድ፣ ኖቬምበር 14 ቀን 2021

ለምወድህ ልጄ ለያርኮ፣

ሰላምታዬ ያለህበት ሙቀት ድረስ ይድረስህ። እኛ ደኅና ነን። ደኅና ስል የእኔን ጉልበትና የአባትህን ደም ግፊት ማለቴ ነው፤ ሁለቱም ከአምናው አልባሱም። የላክህልኝ የሐር ሻርፕ ደርሶኛል። ቀለሙ ያምራል፤ እዚህ የሚታሰረው ግን ጁላይ ላይ ነውና እስከዚያ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆየኛል።

ባለፈው ስትደውል «እማዬ፣ አባዬ እንዳይነዳ የሆነ ነገር አድርጊ፤ እንዴት እንደሆነ አንቺ ታውቂበታለሽ» ብለኸኝ ነበር። አድርጌአለሁ። በስልክ ያልነገርኩህ፣ ገና ሳልጨርስ «ደግ አደረግሽ» ስለምትለኝ ነው። አሁን እስከ መጨረሻው አንብበው።

ነገሩ የጀመረው ሴፕቴምበር ላይ ነው። አባትህ ወተት ሊገዛ በመኪና ወጥቶ ሳይመለስ ቀረ። ሲፈልጉት የተገኘው በተዘጋው ትምህርት ቤት በር ላይ ነበር። ሞተሩን አስነስቶ፣ የኋላውን በር ከፍቶ ልጆቹ እስኪወጡ ይጠብቃል። የተማሪዎቹን አውቶቡስ ለሌላ ሾፌር ካስረከበ ስንት ዘመኑ፤ እኔም ጠመኔ ከጣልኩ እንደዚያው። ሰዎች ወደ ቤት ሲያመጡት «ዛሬ ደግሞ አስተማሪዎቹ አቆዩአቸው» አለኝ። ወቀሳው ለእኔ ነበር።

ሐኪሟ የመንዳት ብቃቱ የሚመረመረው ጃንዋሪ ላይ እንደሆነ ነግራኝ፣ እስከዚያ ቤተሰቡ ይወስን አለች። ቤተሰቡ ማለት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ቁልፉን ዱቄት ዕቃ ውስጥ ደበቅሁ፤ አገኘው። ሌላ ቦታ ስደብቀው የኩሽናውን መሳቢያዎች አንድ በአንድ መሬት ላይ ገለበጠና፣ ማንኪያና ቢላዋው መሐል ተቀምጦ አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ ቁልፉን አልነካሁበትም።

አባትህ ብዙ ነገር ይረሳል፤ አንዳንዱን ግን ፈጽሞ አይረሳም። በበጋ ጎማ በረዶ ላይ አይወጣም። የሰው ልጅ ጭኖ ሲነዳ በኖረበት ዘመን አንድም ቀን አላደረገውም። አሁንም ጧት ተነስቶ መንገዱን በጫማው ተረከዝ ሳይፈትሽ መኪናዋን አያስነሳም። ሐኪሟ ያላስቆመችው፣ እኔም ያላስቆምኩት ሰው ራሱን ያስቆማል ማለት ነው። የበረዶ ጎማዎቹ ካልተገጠሙ በረዶው ቀልጦ ፀደይ እስኪገባ አይነዳም። ስለዚህ የምወስነው ስለ ቁልፉ መሆኑ ቀረና ስለ ጎማው ሆነ።

ሳልፈትን የጣልሁት ተማሪ ግን የለኝም። አባትህንም ሳልፈትን ልጥለው አልፈለግሁም።

ጎማ የሚቀየርበትን ቅዳሜ ለመንደሩ የሚያውጀው ጎረቤታችን ታይስቶ መሆኑን ታስታውሳለህ። ከእሱ ቀድሞ የቀየረ ሰው በረዶ እንዲቆነጥጥ ጎማው ላይ የተተከለውን ምስማር ደረቅ አስፋልት ላይ እያንቋቋ ሲያልፍ «ፈሪው መጣ» ይባላል። የዘገየውን ደግሞ በትራክተር ከቦይ ይጎትቱታል። ዘንድሮ በኦክቶበር መጨረሻ ታይስቶ ከአጥራችን ማዶ ቆሞ አባትህን ተጣራ።

«ኦይቫ፣ ኩሬው የበረዶ ቆዳ አውጥቷል፤ ዛሬ ነው። ወይስ ሚስትህ እስክትፈቅድ ልጠብቅህ?»

«ያንተ ሚስት አምና ፈቅዳልህ የት አገኘንህ? ቦይ ውስጥ።»

«እኔ ቦይ የገባሁት ውሻ ላድን ብዬ ነው።»

«ውሻው እንደዚያ አላለም።»

ታይስቶ እንደ ልማዱ ሊያግዘው አጥሩን ሊሻገር ሲል እዚያው እንዲቆም ነገርኩት። ምን እንደማደርግ ገባው። አባትህ ብቻውን ክሪኩን ከትክክለኛው ቦታ አስገባ። መኪናዋን ከማንሳቱ በፊት ዳዶዎቹን አላላ። ቸርኬዎቹን በሽቦ ብሩሽ ጠረገ። አምና በየጎማው ላይ በጠመኔ «ግራ ፊት»፣ «ቀኝ ኋላ» ብሎ የጻፈውን እያነበበ እያንዳንዱን በቦታው ገጠመ፤ ዳዶዎቹንም በመስቀል ቅደም ተከተል አጠበቀ። ነጥብ ልቀንስበት ፈልጌ አጣሁ።

«ስንት ሰጠሽው?» አለኝ ታይስቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ከአሥር አሥር።»

ያን ጊዜ እንዲነዳ ወስኜ ነበር፣ ያርኮ። ይህን እወቅልኝ። ደስ ብሎኝ ለሦስታችንም ቡና ልቀዳ ገባሁ።

ኩባያዎቹን ይዤ ስወጣ መኪናዋ እንደገና ክሪክ ላይ ናት። የግራው የፊት ጎማ ወልቋል። አባትህ የበጋውን ጎማ እያንከባለለ ያመጣል።

«ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት።

«ፀደይ ገባ፣ በረዶው ቀለጠ እኮ፣ ሂልካ። እስከ መቼ በምስማር አስፋልቱን እናርሳለን? ፖሊስ ቢይዘን ምን ልንል ነው?»

ይህን ሲለኝ በረዶ ቆቡ ላይ እየወረደበት ነበር። ሥራው አሁንም እንከን አልነበረውም። ዳዶዎቹን በዚያው ቅደም ተከተል አጠበቀ። ታይስቶ ፊቱን ወደ ኩሬው አዞረ። እኔ አላቋረጥኩትም፤ አራቱም የበጋ ጎማዎች እስኪገጠሙ ቆሜ ጠበቅሁ። ፈተናው ያለቀው ያን ጊዜ ነው።

አባትህ እጁን ታጥቦ ጋደም ሲል ታይስቶን ጠርቼ የበረዶ ጎማዎቹን ወደ ራሱ ጎተራ እንዲወስድልኝ ነገርኩት።

«ነገ ቢጠይቀኝስ?»

«አላየሁም በለው።»

«ሂልካ፣ እኔ ኦይቫን ዋሽቼው አላውቅም። ስለ ዓሣ ካልሆነ በቀር።»

«እንግዲያው ተማር» አልኩት።

በጋሪ ወሰዳቸው፤ ሸራም አለበሳቸው። ያሰብኩት ሁሉ እንዳሰብኩት ሆነ። አባትህ ጧት በረዶውን አይቶ ጎማዎቹ ወደሚቀመጡበት ጓዳ ሄደ፤ የሉም። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው፣ ግን መኪናዋን አላስነሳም። በየቀኑ «ጎማዎቼስ?» ይለኛል። ጎማ ጠጋኝ ዘንድ ናቸው፣ ነገ ይመጣሉ እለዋለሁ። አምኖኝ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ይጠብቃል። በዚህ መንገድ እስከ ጃንዋሪ የምንደርስ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት መጋዝ ሊዋስ ታይስቶ ቤት ሄደ። ታይስቶ ሱቅ ሄዶ ስለነበር መጋዙን ራሱ ሊያነሳ ጎተራው ገባ። ሸራው አንድ ጎኑ ተገልጦ የገዛ እጅ ጽሑፉን አየው፤ «ግራ ፊት»። ከዚያ በእግሩ በቀጥታ ወደ ሱቁ መጣ። እኔም እርሾ ልገዛ እዚያው ነበርሁ። ታይስቶ እንደ ሁልጊዜው ከሽማግሌዎቹ ጋር ቡናው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።

«ሌባ» አለው አባትህ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ምን ሆንክ፣ አንተ ሽማግሌ? ተቀመጥ፣ ቡና ጠጣ።»

«የእኔ ጎማዎች ጎተራህ ውስጥ ምን ያደርጋሉ?»

ታይስቶ አየኝ። ከእኔ የሚጠበቀው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ረጋ ብዬ አመዛዘንኩት፤ በችኮላ ያደረግሁት አይምሰልህ። አባትህ በእኔ እጅ ይበላል፣ በእኔ እጅ ይለብሳል፣ መድኃኒቱን ከእኔ እጅ ይወስዳል። እኔን ከጠረጠረ ከማን እጅ ይወስዳል? ከታይስቶ ጋር ቢጣላ ግን ታይስቶን ብቻ ነው የሚያጣው። እርሾውን አገላብጬ የሚያበቃበትን ቀን አነበብኩ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ የወሰድኳቸው» አለ ታይስቶ።

«ለምን?»

«ከእኔዎቹ ያንተዎቹ ይሻሉ ነበር።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ብቻውን ሲሆን ጊዜ አቆመ። አባትህ ታይስቶን፣ «ብትጠይቀኝ እኮ እሰጥህ ነበር» አለው። ከዚያ ክንዴን ይዞኝ ወጣ።

ከሁለት ቀን በኋላ ታይስቶ አባትህ በተኛበት ሰዓት መጣ። «ጎማዎቹን ልመልስና ነገሩ ይብቃ፣ ሂልካ። ሱቅ ስገባ ሰው ቦርሳውን ወደ ራሱ ይስባል» አለኝ። እንዳይመልሳቸው ነገርኩት። ከተመለሱ አባትህ ይገጥማቸዋል፤ ከገጠመ ደግሞ ይነዳል፤ መንገድ ዳር ደግሞ የእውነት ልጆች አውቶቡስ ይጠብቃሉ። ስለዚህ በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ ሌባ ሆኖ ይቆያል። «ገባኝ» ብሎ ቆቡን አጠለቀ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአባትህ ጋር በእንፋሎት ሊታጠብ ሳውናችን መምጣቱን ትቷል። ዓሣ ሲይዝ ድርሻችንን በላስቲክ ከፖስታ ሣጥናችን ላይ ሰቅሎ ይሄዳል። እኔ ከሱቅ ገዛሁት እላለሁ። አባትህም «ይሄስ የታይስቶን ዓሣ ይመስላል» ይልና መብላቱን ያቆማል።

ለገና ልምጣ ወይ ብለኸኛል። ና አልልህም፤ አትምጣም አልልህም። ከመጣህ ከባቡር ጣቢያው የሚቀበልህ መኪና የለንም፤ ይህን አስበህ ወስን። ክፍልህን አሙቄዋለሁ፤ እንዲያው ቧንቧው በረዶ ሠርቶ እንዳይፈነዳ ብዬ ነው።

ትናንት አባትህ ፎቶህን ከመደርደሪያው አንስቶ «ይሄ ጎረምሳ ማነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። «አዎ፣ አዎ» አለና መልሶ አስቀመጠህ፤ እንዳላወቀህ ግን አየሁ። የታይስቶን ነገር አንድ ቀን እንኳ አልረሳም። ከእንቅልፉ ሲነቃ የእኔን ስም ከመጥራቱ በፊት የሚጠራው የእሱን ነው።

ስትደውል ስልኩን እሰጠዋለሁ። ማን መሆንህን አትጠይቀው፤ ጎረቤቱ ጎማውን እንደ ሰረቀው ይነግርሃል። ዋና ያስተማረህ ታይስቶ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም አትከራከረው። «አዎ አባዬ፣ ሌባ ነው» በለው።

እግዚአብሔር በሄድክበት ሁሉ ይጠብቅህ፤ በረዶ የማያውቀውን መንገድህን ያቅናልህ። በጊዜ ተኛ፣ በደንብ ብላ።

እናትህ
ሂልካ