ስለ ቱርቦው ያልነገርኩህ

ይማሜ፣ አሰላሙ ዓለይኩም።

ከተለየኸኝ ስድስት ዓመት አለፈ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ስለ አንተ ሲጠይቀኝ «አላህ ወሰደው» ብዬ አልፋለሁ። ብቻዬን ስሆን ደግሞ አንተኑ እቆጣለሁ። ምናለ እንደ ሌላው ሾፌር ብትሆን? ምናለ እምቢ ብትለኝ? ቁጣዬ ዛሬም አላለቀም፤ ግን ከቁጣው በፊት ልነግርህ የሚገባ ነገር አለ።

መጀመሪያ የቤቱን ላጫውትህ። ልጅህ ፋጡማ አሥረኛ ክፍል ገብታለች፤ ግንባሯም ግትርነቷም ያንተ ነው። ፒካፗን ታቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ቆስጣ ተክያለሁ። አፈሩ ዘይት ጠጥቶ ኖሮ የመጀመሪያው ዓመት ምንም አልበቀለበትም፤ አሁን ለጎረቤትም ይተርፋል። ሐይቅ ከተማ በባጃጅ ተሞልታለች። ዳገት ሲወጡ ብትሰማቸው ትስቅ ነበር፤ ልክ እንደዚያች ፒካፕህ ያቃስታሉ።

ያቺ ፒካፕ! ከሐይቅ አምባሰል ሰው ስታመላልስባት ሜዳ ላይ የሚደርስባት አልነበረም። ዳገት ሲመጣ ግን ጉልበቷ ይከዳታል። በመስከረም የግሸን ተሳላሚ ስትጭን ግማሹን ሰው አውርደህ በእግሩ ታስወጣው ነበር። እንዲህ የዋልክ ቀን ሳትነግረኝ ከፊትህ አውቀዋለሁ። «አሮጊቶቹ ምርኩዝ ይዘው ሲወጡ፣ እኔ ጎረምሳው መሪ ይዤ ቁጭ እላለሁ» ብለህ እራትህን ትተህ ትነሳለህ።

በመጨረሻ ደሴ፣ ጋሽ ወርቁ ጋራዥ ሄደህ ተስፋ ይዘህ መጣህ። ለሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚነፋለት ዕቃ ይገጠምለታል፤ ሁለት ዓይነት አለ አልከኝ። አንዱ ቱርቦ ነው፤ ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ግፊት ስለሚዞር ናፍታ አይፈጅም፤ ግን ነዳጅ ስትሰጠው ጉልበቱ ትንሽ ቆይቶ ነው የሚመጣው። ሌላው ሱፐርቻርጀር የሚሉት ነው፤ ጋሽ ወርቁ ከተገለበጠ መኪና ላይ ፈትተው ያስቀመጡት። እሱ በቺንጋ፣ በዚያ በላስቲክ ቀበቶ፣ ከሞተሩ ጋር ታስሮ ስለሚዞር ወዲያው ይታዘዛል፤ ጉልበቱን ግን ከራሱ ከሞተሩ ስለሚወስድ ናፍታ ይጠጣል። አንተ ባለቺንጋውን ወደድከው። ዳገት መሐል የሚዘገይ ነገር አልፈልግም አልክ። እኔ ቱርቦ ይሁን አልኩ።

ለምን እንደሆነ ታውቃለህ። ናፍታ ከተረፈ ከሳምንቱ አንዱን ቀን ቤት ትውላለህ ብዬ ነው። ሐይቁ ዳር ዓሣ ጥብስ የበላንበት ቀን ትዝ ይልሃል? ለፋጡማ እሾኹን ስትለቅምላት የራስህ ቀዝቅዞ ቀረ። እንደዚያ ያለ ቀን በየሳምንቱ ፈለግኩ። ሦስት ቀን ተነታረክን። በአራተኛው ቀን፣ «እሺ፣ አንቺ ያልሽው ይሁን» አልክ። ምነው ባላልክ!

አሁን የደበቅኩህን ልንገርህ። ቱርቦው ሊገጠም ሁለት ቀን ሲቀረው ጋሽ ወርቁ ደወሉ። አንተ መስጊድ ሄደህ ስልኩ እኔ ጋ ነበር። «ዘይነባ፣ ለይማም ንገሪልኝ፤ ቱርቦ ዳገት ወጥቶ ግሎ ሳለ ሞተሩ ድንገት አይጠፋም። ሦስት አራት ደቂቃ ቀስ ብሎ ይዙርና ዘይቱ ያቀዝቅዘው። አለዚያ ውስጡ ይቃጠላል። ይኼን የማይችል ከሆነ ባለቺንጋው ይሻለዋል» አሉኝ። እሺ፣ እነግረዋለሁ አልኩ።

አልነገርኩህም። ረስቼ አይደለም። ብነግርህ ቱርቦውን እንደምትተወው ስለማውቅ ነው። አባትህ በበቅሎ ዘመን ቤተ ክርስቲያንም ይሁን መስጊድ ደጃፍ ሲደርሱ ሳይወርዱ አያልፉም ነበር። አንተ በቅሎ የለህም፤ ሞተር ታጠፋለህ። ያ ዳገት ደግሞ የሚያልቀው ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ነው። ክርስቲያኖቹ ወርደው ተሳልመው እስኪመለሱ ሞተሩን አጥፍተህ፣ እጅህን ጭንህ ላይ አድርገህ ዝም ትላለህ። መስጊድ ደጃፍም እንደዚያው። ለአንድ ቱርቦ ብለህ ይኼን አታፈርስም። ስለዚህ አፌን ዘጋሁ። የተገጠመልህ ቀን ጋሽ ወርቁ ለቅሶ ሄደው ኖሮ ሠራተኞቻቸው ገጥመው ሸኙህ።

ማንም ሳይወርድ ዳገቱን ወጣሁት ብለህ የመጣህ ቀን ፊትህ እንዴት በርቶ ነበር! ስምንት ወር እንዲህ ነዳህ። በየዳገቱ ጫፍ የጋለውን ሞተር ታጠፋለህ፤ እኔ ቤቴ ሆኜ አውቃለሁ። ከዚያ ፒካፗ ማጨስና ማፏጨት ጀመረች። ያን ጊዜም ልነግርህ እችል ነበር። ዛሬ ነገ ስል ያ ቀን ደረሰ። ዳገቱ መሐል ላይ ቱርቦው መዞሩን አቆመ፤ ሞተሩ ጠፋ፤ ሞተሩ ሲጠፋ ፍሬኑ ደንድኖ አልይዝ አለ። ውረዱ ብለህ ጮህክ፤ ሁሉም ዘለሉ። ፒካፗ ወደ ኋላ ስትንሸራተት አንተ ግን ሰው ላይ እንዳትወጣ መሪውን ይዘህ ቀረህ፤ ወደ ገደሉ አዞርካት። በኋላ ያዩዋት መካኒኮች የቱርቦው ውስጥ ተቃጥሎ አገኙት።

ሰደቃህ እንደተበላ ወንድምህ ሰይድ ሽማግሌ ሰበሰበ። ጋሽ ወርቁ የማይረባ ዕቃ ገጠሙ ተባለ። እሳቸው ለሚስቱ በስልክ ነግሬያታለሁ አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ስቤ «አልሰማሁም» አልኩ። ከዚያ ወዲያ ከሐይቅ አንድ ሾፌር እንኳ እሳቸው ጋ አልሄደም፤ ወሬው ደሴም ደርሶ የዚያዎቹም ሸሿቸው። ጋራዡ ተዘጋ። አሁን የሰው ጎሚስታ ቤት ተቀጥረው ጎማ ይለጥፋሉ።

ባለፈው ወር ገበያ ላይ አየኋቸውና ልሸሽ ስል ቀድመው ሰላም አሉኝ። ስለ ፋጡማ ትምህርት ጠየቁኝ። ስለዚያ ነገር ትንፍሽ አላሉም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ትናንት ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሰይድን፣ እነዚያን ሽማግሌዎችና ጋሽ ወርቁን ቤት ጠራኋቸው። ፋጡማንም አጠገቤ አስቀመጥኳት። ሁሉንም ተናገርኩ። ሰይድ ጫማውን በወጉ ሳያደርግ ወጣ። ፋጡማ እጄን ለቀቀች፤ እስካሁን አላናገረችኝም። ጋሽ ወርቁ «እኔም ለራሱ ደግሜ ልነግረው ይገባኝ ነበር» አሉ። ሲወጡ ግን እጃቸውን አልሰጡኝም። አልፈርድባቸውም።

ይማሜ፣ እሺ ስላልከኝ ዛሬም እናደድብሃለሁ። እሺ ያልከኝ ግን ስላመንከኝ ነው፤ በዚህ ልከስህ አልችልም። አፉ በለኝ። መስጊዱ ደጃፍ ሚኒባሶቹ ሞተር እያስጮሁ ተሳፋሪ ሲጠሩ በሰማሁ ቁጥር፣ እጅህን ጭንህ ላይ አድርገህ ዝም ያልክባትን ፒካፕ አያለሁ። አልረሳህም፤ ልርሳህ ብልም አልችልም። ከእንግዲህ ሰው ስለ አንተ ሲጠይቀኝ «አላህ ወሰደው» ብዬ አላልፍም። ወሳጁ አላህ ነው፤ ሚስቱ ግን እያወቀች አልነገረችውም እላለሁ።

ዘይነባህ