ጫካውን ላስነሡት መሐንዲስ

ለተከበሩ ኢንጂነር ኣረፋይነ፣
በመቐለ ከተማ የረጃጅም ሕንፃዎችን መዋቅር ለሚነድፈው ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በቢሮዎ ኮምፒውተር ላይ አጎንብሰው የሚውሉት ወጣቶችም ጤና እንድትሆኑ፣ ዓይናችሁ እንዳይደክም፣ ወገባችሁን እንዳያማችሁ፣ የነደፋችሁትም ሁሉ ቆሞ እንዲያድር ከልቤ እመኛለሁ። ይህን የመጨረሻውን ከእኔ አብልጦ የሚመኝላችሁ ያለ አይመስለኝም።

ነዒማ እባላለሁ። በልጅነቴ ከወሎ መጥቼ እንዳ ኢየሱስ ሰፈር የምኖር፣ በገበያ በርበሬና ቅመም የምሸጥ ሴት ነኝ። ከሰው ጋር የምነጋገረው በትግርኛ ነው፤ ፊደል የቆጠርኩት ግን በአማርኛ ስለሆነ የምጽፈው በእሱ ነው፤ እጄም ቶሎ አይሄድም። እዚሁ መቐለ ሓወልቲ ላይ በሚሠራው ሕንፃ ከመግቢያው በላይ የወጣው የአርማታ ጥላ ተደርምሶ ከሞቱት ከሁለቱ አንዱ፣ የአናጺዎቹ ፎርማን ሳሊህ፣ ልጄ ነው። ሁለተኛው ሚልኪያስ የሚባል የቀን ሠራተኛ ሲሆን የጎረቤቴ የወይዘሮ አያልነሽ ልጅ ነበር፤ ሌላ ልጅ የላትም። ሥራ ያስገባውም ሳሊህ ነው።

ደብዳቤውን በአደባባይ የማወጣው ለብቻዎ ላገኝዎ በተመላለስኩ ጊዜ ሁሉ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ነው። ስብሰባዎ እንዲሰምርልዎ እየጸለይኩ ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ልጄን በስሙ ስለ ጠሩት አመሰግናለሁ። አደጋው ከመድረሱ በፊት በነበረው ቀን ሳሊህ ከሥራ ሲገባ ፊቱ በርቶ ነበር። እጁን ሳይታጠብ፣ «እማ፣ ኢንጂነሩ ስሜን ያውቁታል እኮ» አለኝ። ምን ብለው እንደ ጠሩት ስጠይቀው፣ ነገ ከአዲስ አበባ እንግዶች ስለሚመጡ፣ ከመግቢያው ጥላ ሥር የተደረደረው የባሕር ዛፍ አጣና ደግሞ ዓይን ስለሚያስቀይም፣ በሠራተኞቹ ሁሉ ፊት «ሳሊህ፣ ያንን ጫካ አንሣልኝ፤ ሕንፃዬ ይታይ» እንዳሉት ነገረኝ። እኔ ያልተማርኩ ሴት ነኝ፤ አርማታው እስኪጠነክር የሚሸከመው ያ አጣና መሆኑን ግን ከልጄ ሰምቼ አውቅ ነበርና፣ ደርሷል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀብኝ። «ኢንጂነሩ አንሣ ካሉ ደርሷል ማለት ነው፤ የነደፉት እሳቸው አይደሉም እንዴ» አለኝ። እኔም እውነቱን ነው አልኩ። በማግስቱ ጠዋት እሱና ሚልኪያስ የመጨረሻዎቹን አጣናዎች ተሸክመው ሲወጡ ጥላው ወረደባቸው። ያንን ክፉ ዘመን፣ ባንኩ ተዘግቶ፣ መድኃኒት ጠፍቶ፣ ሰው እንደ ቅጠል የረገፈበትን ጊዜ አልፎ የተረፈ ልጅ ነበር። የሞተው ለእርስዎ እንግዶች እይታ እንዲያምር ሆነ።

ሁለተኛ፣ ለለቅሶው ስላሳያችሁት ቸርነት። ድርጅትዎ ለተዕዚያው ሸራና የድንኳን ማቆሚያ በመኪና ጭኖ ልኮልናል፤ ሠራተኞቹም አልቅሰው ተክለውልናል። በሁለተኛው ቀን የባለቤቴ ወንድም አብዱልወዱድ አንዱን ምሰሶ ተደግፎ ቆሞ ሳለ ልብሱ ነጭ በነጭ ሆነ። አጣናው ላይ ሲሚንቶ ነበረበት። ሁላችንም ዞር ዞር ብለን አየን፤ ሁሉም ላይ ነበረበት። ልጄ በመጨረሻው ጠዋት ከጥላው ሥር ያወጣቸው አጣናዎች እንደሆኑ የነገረን ራሱ የጫናቸው ሾፌር ነው፤ ግቢው በር ላይ ተከምረው ስላገኛቸው ምንም ሳያስብ ጫናቸው። አብዱልወዱድ አሁኑኑ ነቅዬ ካልጣልኩ አለ። እኔ ተው አልኩት፤ ሰው ተቀምጦበታልና። ድንኳኑ የተነሣው የመጨረሻው እንግዳ ከወጣ በኋላ ነው። እኛ መሐንዲስ ባንሆንም ሰው ከሥሩ እያለ ድጋፍ አንነቅልም።

በዚያው ላይ የታረደ በግ ልካችሁልናል። የክርስቲያን እርድ ስለነበር እኛ አልበላነውም፤ ወደ አያልነሽ ቤት ብንልከው ዕለቱ ረቡዕ ነውና ለቀስተኛው ሁሉ ጾመኛ ሆኖ ተገኘ። በመጨረሻ የሰፈሩ ውሾች ነፍስ ይማር ብለዋል። የነፋሱን ግፊት፣ የመሬቱን መንቀጥቀጥ ቀድሞ የሚያሰላ ቢሮ የሙስሊምን ቤትና የረቡዕን ቀን ባያሰላ አልፈርድበትም፤ ሥራ ይበዛበታል።

ሦስተኛ፣ ስለ ማስታወቂያው። በግንባታው አጥር ቆርቆሮ ላይ በለጠፋችሁት ወረቀት አደጋው የደረሰው «አንድ የአናጺ ፎርማን የባለሙያ ፈቃድ ሳያገኝ በራሱ ውሳኔ ድጋፎቹን በማንሣቱ» መሆኑን ገልጻችኋል። በሕይወት እያለ ስሙን የሚያውቁት ሰው ሲሞት «አንድ ፎርማን» ሆነ። ቢሮ መጥቼ ስጠይቅ ትሑት የሆነች ጸሐፊዎ ውኃ ሰጥታ አስቀመጠችኝና፣ ድጋፍ የሚነሣው በጽሑፍ ተጠይቆ በጽሑፍ ሲፈቀድ ብቻ እንደሆነ፣ ከሳሊህም የቀረበ ምንም ጽሑፍ እንደሌለ አስረዳችኝ። እውነቷን ነው፤ የለም። ልጄ እዚያ ግንባታ ላይ በኖረበት ጊዜ ሁሉ አንድም ድጋፍ በወረቀት ሲነሣ አላየም። አንሣ ይባላል፣ ይነሣል። በእኛ ዘንድ ሐኪም ክኒን ሲያዝዝልን፣ መሐንዲስ አድርግ ሲለን፣ እስቲ ፈርሙልኝ ማለት ሰውዬውን ውሸታም ነህ እንደ ማለት ነው። ሳሊህ ይህን ነውር አልደፈረም። ቢደፍረው ኖሮ ዛሬ ሥራ ፈት ሆኖ ቤት ተቀምጦ በተጨቃጨቅን ነበር፤ እንዴት ደስ ይለኝ ነበር።

ጸሐፊዋ መዝገቡን አይታ እስክትመለስ የተቀመጥኩት በመስታወት ሳጥን ውስጥ ካለው የሕንፃው ትንሽ አምሳያ አጠገብ ነው። በጣም ያምራል። የመግቢያው ጥላ ያለ አንድ አጣና ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ከሥሩም ጣት የማያህሉ ሰዎች፣ አንዲት ቦርሳ የያዘች ሴት ሳትቀር፣ በሰላም ይመላለሳሉ። እነሱን ያየ እርስዎ ሰው አይወዱም ሊል አይችልም።

አራተኛውን ጽፌው ነበር። ስለ ገላው ነበር። ሰርዤዋለሁ።

አምስተኛ፣ ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ ነገር። አያልነሽ ማንበብ አትችልም፤ የዩኒቨርሲቲው ካምፓስ ወጥ ቤት ውስጥ ዕቃ ታጥባለች። ማስታወቂያችሁን አንድ ተማሪ አነበበላት። በዚያ በክፉው ጊዜ አንድ ጣሳ ዱቄት ለሁለት የተካፈልን፣ የእኔ ጾም ሲሆን እሷ፣ የእሷ ሲሆን እኔ ድምፅ አጥፍተን የምንበላ ሴቶች ነን። ልጆቻችን በሞቱ ቀን ተቃቅፈን ነው የወደቅነው። ማስታወቂያው የተነበበላት ዕለት ግን በቤቶቻችን መካከል ባለው አጥር ላይ ሆና፣ «ልጅሽ ራሱ አስገብቶ ራሱ ገደለብኝ» አለችኝ። «አያል፣ ታዝዞ ነው እኮ» አልኳት። «ታዲያ የተማሩት ሰዎች ይዋሻሉ?» አለችና በሯን ዘጋች። ከዚያ ወዲህ ስንተላለፍ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ትስባለች። በገበያም ሰው አጠገቤ ሲደርስ ወሬውን ያቋርጣል። ትእዛዙን ሲሰጡ የሰሙት ሠራተኞች «ኣጆኺ ኣደይ፣ አይዞሽ እናታችን፣ ሰምተናል» ብለው እጄን ስመዋል፤ በአደባባይ ተናገሩ ብላቸው ግን መሬት መሬት አዩ። ልጆች አሏቸው፤ አልቀየምኳቸውም፤ ስማቸውንም አልጽፍም።

ስለዚህ የተከበሩ ኢንጂነር፣ ካሣ አልጠየቅሁም፤ እስር ቤትም እንዲገቡ አልለመንኩም፤ ልጄ ስለሚወድዎ ቢሰማኝ ደስ አይለውም። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አያልነሽ ቤት ይሂዱ። እኔ ቤት መምጣት አያስፈልግዎትም። በሯ ላይ ቆመው «አንሣ ያልኩት እኔ ነኝ» ይበሏት። ማህተም አይሻም፤ ደብዳቤም አይሻም። አፍዎ ያዘዘው ሁለት ሰው ለመቅበር ከበቃ፣ አንዲት እናት ለማሳመንም አያንስም። የተማረ ሰው ስለማይዋሽ ታምንዎታለች። ከዚያ በኋላ እሷና እኔ የቀረንን ዕድሜ ልጆቻችንን አብረን እናልቅስ፤ ለየብቻ ማልቀሱ አልቻልንበትም።

ውድ ጊዜዎን ከሥዕልና ከስሌት ላይ ስለ ሰረቅሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ እርስዎን የሚያህል የተከበረ ሰው በአንዲት በርበሬ ሻጭ ደብዳቤ እንደማይነቀነቅ እያወቅሁ፣ አላህ ከእጅዎ ሥራ ሥር የሚያልፉትን ሁሉ እንዲጠብቅ ሌትና ቀን እየለመንኩ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

ነዒማ፣ የሳሊህ እናት
እንዳ ኢየሱስ፣ መቐለ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ የሕንፃው ምረቃ ጥሪ ካርድ ደረሰኝ፤ አላሰብኩትም ነበርና አመሰግናለሁ። እንግዶች የሚቆሙት አዲስ በተሠራው የመግቢያ ጥላ ሥር ነው ይላል። እመጣለሁ። ብቻ ቀድመው እርስዎ ይቁሙበት፤ እኔ ከመንገዱ ማዶ ሆኜ ልይዎት። ወንድ ልጅ እንዳለዎት ሰምቻለሁ፤ እሱን አደራ ቤት ይተዉት።