ስምንት ወር የተሳለምነው መጽሐፍ

ለክቡር አቶ ናዖድ
በኦክላንድ በእንግድነት በምንቀድስበት የቁምስና ቤተ ክርስቲያን የአማርኛ ተናጋሪ ካቶሊካውያን ምክር ቤት ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ ከኦክላንድ ብዙም በማትርቀው በዳብሊን በሰላም እንደምትኖሩ፣ የደም ግፊትዎም እንደተስተካከለልዎ ተስፋ አደርጋለሁ። ጤናዎን አጥብቄ የምመኘው ለወግ ያህል አይደለም። የመስታወቱ ቁም ሣጥን ቁልፍ ያለው በእርስዎ ኪስ ብቻ ስለሆነ፣ እርስዎን አንድ ሳምንት ጉንፋን ቢይዝዎ የእግዚአብሔር ቃልም አንድ ሳምንት አብሮዎት እንደሚተኛ ስለማውቅ ነው።

እኔ ማን እንደሆንኩ ዘንግተውት ይሆናል። በፎርሙ ላይ "አመልካች" ተብዬ የተመዘገብኩት፣ የሟቹ የአቶ ተስፋጽዮን ባለቤት ቴሬዛ ነኝ። ባለቤቴ በማኅበራችን ለሃያ ሁለት ዓመት አንባቢ ነበር። እሑድ እሑድ በቅዳሴ ላይ ከቅዱሳት መጻሕፍት የተመደበውን ምንባብ ለሕዝቡ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብ ነበር። ይህን ደብዳቤ በግል ልልክልዎ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ዘንድሮ በግል ያመለከትኩት ሁሉ "በሂደት ላይ" ሆኖ ስለቀረ፣ ይኸኛው እንኳ መንገድ እንዳይስት ብዬ ሁሉም ሰው በሚያየው ቦታ አወጣሁት። ምስጋናዬንም በቁጥር አስቀምጬዋለሁ፤ ምክር ቤቱ በቁጥር ያልተጻፈ ነገር እንደማይመለከት ተነግሮኛልና።

አንደኛ። የሐሙስ ንባባችንን ስለዘጉልን ከልብ አመሰግናለሁ።

ነገሩን ለማያውቁ ላስረዳ። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ መልስ አሥራ ሁለት ሰዎች ከአዳራሹ ጎን ባለችው ክፍል እየተሰበሰብን የመጪውን እሑድ ምንባቦች እናነብ ነበር። ሹፌር ነበረን፣ ሆስፒታል የሚሠሩ ነበሩን፣ እንደኔ ጡረታ የወጡም ነበሩ። ባለቤቴ እያንዳንዳችንን ያስነብበናል፣ ስንጣደፍ ያስቆመናል፣ ያልገባንን ደግመን እንድናነበው ያደርገናል። እኔ ባደግኩበት ቤት መጽሐፍ ቅዱስ ከሁሉ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥ ነበር። በዚህ ያከበርነው ይመስለን ነበር። መቍጠሪያው በእጃችን፣ ትምህርተ ክርስቶሱ በቃላችን ነበረ፤ መጽሐፉ ግን የካህኑ ነበር። ስልሳ አንድ ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ኤርምያስ ከሕዝቅኤል ይቅደም ይከተል አላውቅም ነበር፤ ያወቅኩት በዚያች ክፍል፣ ባለቤቴ አጠገብ ተቀምጬ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ራሷ ከስልሳ ዓመት በፊት በቫቲካን ጉባኤዋ ቅዱሳት መጻሕፍት ለምእመናን ወለል ብለው ይከፈቱ ብላ መወሰኗንም የሰማሁት እዚያው ነው። ውሳኔው ከሮም ተነሥቶ ኦክላንድ ለመድረስ ይህን ያህል ዓመት ከፈጀ፣ በሐይዌይ ላይ የሚያጋጥምዎትን መጨናነቅ የማይረዳ ሰው የለም።

እርስዎ ግን በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ተነሥተው፣ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ በየሳምንቱ መሰብሰብ የጴንጤ ነገር እንደሆነ፣ ዛሬ በንባብ የተጀመረው ነገ ምን ላይ እንደሚያደርሰን እንደማይታወቅ በአባታዊ ቃል አስገነዘቡን። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ሥጋትዎን አልነቅፍም። ክፍሏም ተቆለፈች። ከአሥራ ሁለታችን አምስቱ አሁን ካስትሮ ቫሊ ካለው የወንጌላውያን ጉባኤ ይሄዳሉ። ለምን ብዬ አንዷን ብጠይቃት፣ እዚያ መጽሐፉን ለመክፈት ማንንም ፈቃድ እንደማይጠይቁ ነገረችኝ። ጴንጤ እንዳንሆን በወሰዱት እርምጃ አምስት ጴንጤ ማፍራትዎ፣ የትኛውም ሰባኪ በአንድ ጾም ያላገኘው ፍሬ ስለሆነ እንኳን ደስ አለዎት።

ሁለተኛ። ትልቁን መጽሐፍ ቅዱስ ከእጃችን ስላዳኑልን አመሰግናለሁ።

ያ መጽሐፍ ባለቤቴ ሃያ ሁለት ዓመት ያነበበበት ነው። በየገጹ የእርሳስ ምልክት አለው። አንድ ጭረት ካለ አንባቢው ይተነፍሳል፣ ሁለት ጭረት ካለ ቆም ብሎ ሕዝቡን ያያል፣ ክብ ካለ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ማንም አላዘዘውም፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ ኩሽና ጠረጴዛችን ላይ ተቀምጦ እያነበበ፣ እየሰረዘ፣ እንደገና እየጫረ የሠራው ነው። ቃሉ ያለ ዕረፍት ከተነበበ ጆሮ ይመታል እንጂ አይገባም ይል ነበር። ዓይኑን ስኳር ሲወስድበት እንኳ ምልክቶቹ የት የት እንዳሉ አልረሳም፤ ሐሙስ ሐሙስ እኛ እያነበብን እሱ ከዚያ ማዶ ሆኖ ያርመን ነበር።

ምክር ቤቱ ይህ መጽሐፍ በሰው እጅ ብዛት እንዳይጎዳ ብሎ፣ በዚያው በጾሙ ሰሞን የመስታወት ቁም ሣጥን አሠርቶ ውስጡ አስቀመጠው። ግሩም ሐሳብ ነው። ካልተነካ አያረጅም፣ ካልተነበበም ማንንም አያስቸግርም። ከዚያ ወዲህ ምንባቡ ከታብሌት ሆነ። አንድ እሑድ ከኢሳይያስ መካከል የፒዛ ማስታወቂያ ብቅ ብሎ አንባቢዋ ስትደናገጥ፣ ሕዝቡ ልዩነቱን ያወቀ አልመሰለኝም። መጽሐፉ የሚለብሰው ቀይ የከፋይ ሽፋን ግን አልቀረብንም። ጥብጣቡ እንደታሰረ በዑደት ይወጣል፣ ዕጣን ይታጠንለታል፣ እኛም እንደ ሥርዓታችን ተራ ገብተን እንሳለመዋለን። ወደዚህ ጉዳይ በአራተኛው ቁጥር እመለሳለሁ።

ሦስተኛ። ስለ ፎርሙ አመሰግናለሁ።

ባለቤቴ ኩላሊቱም ከድቶት ካስትሮ ቫሊ ወዳለ የአረጋውያን ቤት ከገባ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። በሉቃስ ወንጌል፣ በኤማሁስ መንገድ ስለሄዱት ስለ ሁለቱ ሰዎች እንዳነብለት ፈለገ። ከራሴ ትንሽ መጽሐፍ ቅዱስ ጀመርኩለት። ሁለት ቁጥር ሳልሄድ አስቆመኝ። "እዚህ ጋ ጭረት አለ፣ ተንፍሺ" አለኝ። በኔ መጽሐፍ ላይ ጭረት የለም። ደግሜ ሞከርኩ፣ ደግሞ አስቆመኝ። በመጨረሻ ትልቁን እንዳመጣለት ለመነኝ። ባለቤቴ በሕይወቱ ሰው ለምኖ የሚያውቅ አልነበረም።

ለአንድ ሳምንት እንዲያውሱኝ ደወልኩልዎ። "ወይዘሮ ቴሬዛ፣ ሪኩዌስት ፎርሙን ፊል አድርገው ሰብሚት ያድርጉት፣ ኮሚቴው ሪቪው ያደርገዋል" አሉኝ። አደረግኩ። ፎርሙ አዳራሽ ለመጠየቅ የተሠራ ስለሆነ፣ የዝግጅቱ ዓላማ ለሚለው "ንባብ" ብዬ ጻፍኩ። የተሳታፊዎች ብዛት ለሚለው "ሁለት" አልኩ። ምግብ ይቀርባል ወይ ለሚለውም ባለቤቴ መዋጥ እንዳቃተው ጨምሬ ገለጽኩ። ስድስት ሳምንት ቆይቶ፣ ፊርማዬ በኢንተርኔት ተቀባይነት ስለሌለው ሐሙስ ከሰዓት በአካል ቀርቤ እንድፈርም ታዘዝኩ። ያን ቀን ትንፋሹ አላማረኝም ነበር። ቢሆንም መጽሐፉን ይዤለት እመለሳለሁ ብዬ፣ ግንባሩን ስሜው ወጣሁ። በባቡር ሄጄ ፍሩትቬል ጣቢያ ወርጄ ቀሪውን በአውቶቡስ ተጓዝኩ። እርስዎም በቀጠሮው ሰዓት ደረሱ፤ ፈረምኩ፤ ከዚያ ቁልፉን ዳብሊን ረስተውት እንደመጡ ነገሩኝ። በሚመጣው ሐሙስ እንድመለስም መከሩኝ። በመስታወቱ ውስጥ መጽሐፉን እያየሁት ቆሜ ሳለ ስልኬ ጮኸ።

የደወለችው አይናዲስ ናት። በአረጋውያን ቤቱ ባለቤቴን የምታጥበውና የምታገላብጠው ልጅ ስትሆን፣ እርስዎ ከሚፈሩት ከዚያው ከካስትሮ ቫሊ ጉባኤ ነች። ያለቀሰችውን አልቅሳ ስትጨርስ የነገረችኝን ቃል በቃል ላስቀምጥልዎ። "እማማ፣ ሺፍቴ አልቆ ነበር፣ ግን አባባ ብቻቸውን ስለነበሩ ተቀመጥኩ። አንብቢልኝ ሲሉኝ ፎኔን ከፈትኩ፣ ሉቃስ አሉኝ። እኔ ሳነብ ፈጣን ነኝ። አንዴ 'ተንፍሺ' አሉኝ፤ ሁለተኛ አላሉኝም" አለችኝ። ለአንድ ካቶሊክ አንባቢ የመጨረሻውን ምንባብ ያነበበችለት ጴንጤ ናት፤ ሚስቱ ኦክላንድ ፎርም ትፈርም ነበር። ይህ ነገር በሄድኩበት ሁሉ አብሮኝ ይሄዳል። እርስዎን እንኳ ይቅር ብል፣ ያን ቀን ከአጠገቡ የተነሣሁትን ራሴን ይቅር የምል አይመስለኝም።

ጥያቄዬ ተቀባይነት ማግኘቱን የሚገልጸው ኢሜይል በተቀበረ በሦስተኛው ቀን ደርሶኛል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። እኔ ግን ስለ ትጋቱ አመሰግናለሁ።

አራተኛ። በቀብሩ ዕለት "በልዩ ሁኔታ" አንድ ምንባብ እንዳነብ ስለፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ።

ታብሌቱን ሲያቀብሉኝ አልቀበልም ማለቴ ድፍረት ነበር። ሬሳ ሣጥኑ ላይ ቀይ ከፋዩን የለበሰው መጽሐፍ ተቀምጦ ነበር። በሕይወቱ ያልደረስኩለትን በሬሳው ላይ ላድርስለት፣ ጭረቶቹንም አንድ በአንድ እያየሁ ልተንፍስለት ብዬ ጥብጣቡን ፈታሁ። ገለጥኩት። እንግሊዝኛ ነው። ዕንባዬ ነው ያሳሳተኝ ብዬ ዓይኔን ጠረግኩ። ምድጃው መጥፋቱን ሳያረጋግጡ እንዳይወጡ የሚል በትልቁ ተጽፏል። ልጄ ሊሊ ልትደግፈኝ መጥታ ከጎኔ ቆማ ስለነበር አጎንብሳ አየችና በጆሮዬ "ማሚ፣ ዚስ ኢዝ ዘ ኪችን ማኑዋል" አለችኝ።

በኋላ እንደተረዳሁት ታሪኩ ቀላል ነው። መጽሐፍ ቅዱሱ ቁም ሣጥን ሲገባ ከፋዩ ለእጥበት ተሰጠ። ታጥቦ ሲመለስ ደግሞ አንድ ደግ ሰው ቢሮው ውስጥ ውፍረቱ ልክ ሆኖ ላገኘው መጽሐፍ አለበሰው፤ የአዳራሹና የኩሽናው መመሪያ ነበር። እኛ ግን ትልቁ መጽሐፍ እሑድ እሑድ ከቁም ሣጥኑ እየወጣ የሚለብሰው ይመስለን ነበር። ማንንም አልከስም። ስምንት ወር ሙሉ መመሪያውን አጥነነዋል፣ ተሸክመነዋል፣ ተሳልመነዋል። የከፈተው ሰው አልነበረም። እኔም አልከፈትኩትም። ያገባሁት ሰው ዕድሜውን የፈጀው መጽሐፍ ክፈቱ እያለ ነው፤ እኔም እሑድ እሑድ ተራዬን ጠብቄ ጥብጣቡን ስሜ ወደ መቀመጫዬ እመለስ ነበር።

ምንም ሳላነብ ከፋዩን መልሼ ዘጋሁት። እርስዎ ማይኩን ተቀብለው "ወይዘሮ ቴሬዛን ሐዘኑ ከብዷቸዋል፣ በጸሎት እንርዳቸው" አሉ። ሕዝቡም በጸሎት ረዳኝ። ሲሰናበቱ ሁሉም ከሬሳ ሣጥኑ ቀጥለው መመሪያውን ተሳለሙ። እኔም ተሳለምኩት፣ ሰው ያየኝ ነበርና።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ሁሉ የጻፍኩት አንድ ነገር ይለወጣል ብዬ አይደለም። የሐሙሱን ንባብ መልሱልን አልልም፤ ሰዎቹ ተበትነዋል፣ የሚያርመንም የለም። ሊሊ "ማሚ፣ ጀስት ሌት ኢት ጎ" ትለኛለች፣ ተዪው በቃ ማለቷ ነው፤ እሷም ቅዳሴ የምትመጣው እኔን ለማድረስ ብቻ ነው፣ እኔ ስቀር የምትመጣም አይመስለኝም። ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ከፋዩን ትክክለኛው መጽሐፍ ለብሶት ይሆናል። ጥብጣቡም እንደገና ይታሰራል። ዓመት ቆይቶ ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቅ ሰው ይኖራል ብዬ አላምንም።

ለሰጡኝ ጊዜ፣ ለሰጡኝ ፎርም፣ ላልሰጡኝም መጽሐፍ ያለኝን ምስጋና እየገለጽኩ፣ ቁልፍዎ ከኪስዎ፣ ኪስዎም ከእርስዎ እንዳይለይ ሁልጊዜ የምትጸልይልዎ፣

ቴሬዛ ማንደፍሮ
የአንባቢው ሚስት

ግልባጭ፦
— ለምክር ቤቱ ፎርም ገምጋሚ ኮሚቴ፣ ለመረጃ ያህል
— ለመስታወቱ ቁም ሣጥን፣ ለጥንቃቄው
— ለአይናዲስ፣ ከምስጋና ጋር፤ የዚህኛው ምስጋና ቃሉ እንደተጻፈ ይነበብልኝ

ማስታወሻ፦ የተሳለምነውን መጽሐፍ ሳላነበው መቅረት ነውር መስሎኝ፣ ከቀብር መልስ አዳራሹ ውስጥ ሰው ሲበላ እኔ ከሊሊ ጋር ገጾቹን ገለጥኩ። በገጽ አሥራ አንድ ላይ፣ ከስድስት ወር በላይ ሳይነካ ቁም ሣጥን ውስጥ የቆየ ማናቸውም ዕቃ ባለቤቱ እንደተወው ተቆጥሮ፣ የሚያስፈልገው ሰው ሊወስደው እንደሚችል ተደንግጓል። ስለዚህ ስምንት ወር ባጠንነው ሕግ መሠረት መጽሐፍ ቅዱሱን ያለ ፎርም መጥቼ መውሰድ እችላለሁ። አልመጣም። የት ጋ እንደምተነፍስ የሚነግረኝ ሰው የለኝም።