ኮልፌ ላይ ያበበችው ግራቪሊያ

ኢክላስዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? ከቡታጅራ ለአጎቴ ለሰይፈዲን የላክሽላቸው የግራቪሊያ ችግኝ አበበች! እዚህ ኮልፌ የቤታቸውን ጣሪያ አልፋለች፤ ብርቱካንማ አበባዋን ንብ ወሮታል።

መጀመሪያ ውሃ በሚተኛበት ጥግ ተክለዋት ቢጫ ሆና ነበር አሉ። ጎረቤቱ ሁሉ "ሞታለች፣ ይንቀሏት" ሲላቸው፣ እሳቸው ግን ከነአፈሯ አንስተው ውሃ ወደማይቋጥረው፣ ፀሐይ ወደሚያገኘው ከፍታ አዛወሯት። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላት! በጋ ከክረምት አረንጓዴ ናት።

እኛ ጋ በየቡናው መሃል ስላለች ማንም ቀና ብሎ አያያትም። እዚህ ግን መንገደኛው ቆሞ "ይቺ ምን ዛፍ ናት?" ሲል፣ አጎቴ ደረታቸውን ነፍተው "የኢክላስ ልጅ ናት!" ይላሉ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ እናትሽን ሳሚልኝ፣ ወንድምሽን ኑሕንም ሰላም በይልኝ።

ጁወይሪያሽ