ሁለት አጭር ፉጨት

ሴፕቴምበር 8፣ ረቡዕ

በስፔይ ሸለቆ እንደኔ የሚያፏጭ ሰው አልተወለደም። ሁለት ጣቴን አፌ ውስጥ ከትቼ አንዴ ብለቀው የጣቢያው ኃላፊ ባቡር ደረሰ ብሎ፣ ባርኔጣውን እያጠለቀ፣ ባንዲራውን ይዞ ሮጦ ወጥቷል።

እሺ... ኃላፊው አይደለም። ሻንጣ ተሸካሚው ነው። እሱም ጠዋት ሦስት መለኪያ ቀምሶ ነበር። ግን ወጥቷል! ባንዲራም ይዟል።

ደብተሩን የሰጠችኝ ሚስ ሙች ናት፣ የማታ ትምህርቱ አስተማሪ። "በየጊዜው ትንሽ ጻፍ ዋቲ፣ አለዚያ ፊደሉ ይጠፋብሃል" አለችኝ። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ማንበብና መጻፍ ቻልኩ። ከክፍሉ ሁለተኛ ነው የወጣሁት። ስንት ነበራችሁ ለሚለኝ... ሦስት። አንዱ በመሃል አቋርጧል።

ዛሬ እንደ ወትሮው። ጠዋት ውስኪ ፋብሪካው ውስጥ ብቅል ስገለብጥ አረፈድኩ። ትከሻዬ ያመኛል። የብቅል ገልባጭ ትከሻ ሁሉ እንዲሁ ነው፣ አንዱ ጎን ይወርዳል። ፈረቃው ሲያልቅ አለቃው እንደ ልማዱ በቀንድ ዋንጫ ነጩን ቀዳልን፣ ገና በርሜል ያላየውን ትኩሱን ውስኪ። ጉሮሮ ይልጣል። ከዚያ የቀትሩ ባቡር። ነጂው ዶድ ሪያክ ነው፣ አብሮ አደጌ። ከተማው ጫፍ ሆስፒታሉ ሥር ሲደርስ ሁለት አጭር ያፏጫል። ለጄሳን ነው። ዋቲ መጣልሽ ማለት ነው።

ጄሳን ሚስቴ ናት። ባለፈው ክረምት ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሰሰና ነገር ሁሉ ይጠፋባት ጀመር። ዓይኗም ደከመ። ከዚያ ወዲህ ሆስፒታሉ ውስጥ ናት። ሰው በመልኩ አትለይም። ፉጨቱን ግን ትለያለች። ነርሷ ቲኒ እንደነገረችኝ፣ ሁለቱን ስትሰማ "መጣ!" ትልና ፀጉሯን በእጇ ታበጃጃለች። ስገባ ተሰናድታ ነው የምትጠብቀኝ።

"ዘገየህ፣ አንተ ሰካራም!"

"አንድ ዋንጫ ብቻ ነው።"

"ትሸታለህ። በል አንብብልኝ።"

ዕድሜ ልኳን ጋዜጣ ያነበበችልኝ እሷ ነበረች። አሁን ተራው የኔ ነው። የተማርኩትም ለዚሁ... ለማንም አልተናገርኩም። ለሰዎቹ "ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ለማንበብ ነው" ብያለሁ። አልነበብ ያለኝ ቃል ሲገጥመኝ ከራሴ እሞላለሁ። ዛሬ አንድ ሚኒስትር ፈረስ አገባ። ጄሳን እስክታነባ ሳቀች።

ሴፕቴምበር 11፣ ቅዳሜ

ጣቢያው ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ሰዎቹ ከበውታል። መነጽር የያዘ የለም።

"ዞር በሉ! የተማረ ሰው ይለፍ!" አልኩ።

"ፕሮፌሰሩን አሳልፉት እንጂ!" አለ በርሜል ሠሪው አለክ።

ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ጣቴን እያስኬድኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ... "ከኦክ...ቶበር አሥራ ስምንት ጀምሮ፣ በዚህ መስመር ላይ የ...መንገደኞች አገልግሎት..." ደረቴ ተነፍቷል። አንዲት ፊደል አልሳትኩም። "...ይቋ...ይቋረጣል።"

ጨርሼ ዞር ስል የሚስቅ የለም። ምን እንዳነበብኩ የገባኝ ያኔ ነው።

"እስቲ ድገመው" አለ አለክ።

ደገምኩት። ያው ነው።

ሴፕቴምበር 15፣ ረቡዕ

ባቡሩ ውኃ ሲሞላ ዶድ ዘንድ ወጣሁ።

"የውስኪ በርሜሎቹስ?" አልኩት።

"በሎሪ፣ በጭነት መኪና።"

"ሰውስ?"

"በአውቶቡስ። ሁለት ቦታ እየወረዱ መሳፈር ነው።"

"አንተስ?"

"ወደ ደቡብ ያዛውሩኛል። የናፍጣ ባቡር። ፉጨቱ እንደ ዳክዬ ነው አሉ።"

ሳቅን።

"ዶድ... ለጄሳን ማን ያፏጭላታል?"

ጨርቁን አነሣና የጠራውን ነሐስ እንደገና መወልወል ጀመረ።

ልንገራት? የነገርኳትን በሩ ጋ ሳልደርስ ትረሳዋለች። ታዲያ ምን ያስፈራኛል... አልነገርኳትም።

ሴፕቴምበር 25፣ ቅዳሜ

አቤቱታ ተጻፈ፣ መንደሩ ሁሉ ፈረመ። እስከ ዛሬ በስሜ ቦታ የመስቀል ምልክት ነበር የማደርገው። ዛሬ ጻፍኩት። ዋልተር ፋርካር። እንዴት ያምራል! አለክ ከኋላዬ ሆኖ "ወረቀቱን ጨረስከው እኮ፣ ለሌላውም ተው" አለኝ።

ኦክቶበር 6፣ ረቡዕ

መልሱ መጣ። አይሆንም ይላል። እኔው አነበብኩላቸው። ምነው ባልተማርኩ።

ኦክቶበር 16፣ ቅዳሜ

የመጨረሻው ባቡር።

እኛ ዘንድ ልማድ አለ። ፋብሪካው ለሙቀቱ ወራት ሊዘጋ ሲል፣ የዓመቱ የመጨረሻ በርሜል ሲጫን፣ ነጂው ፉጨቱን ከጣቢያው እስከ ድልድዩ ሳይለቅ ይይዘዋል። ሥራው አልቋል፣ እንግዲህ ዕረፉ ነው ነገሩ። ዛሬ ማንም ሳያዝዘው ዶድ የፉጨቱን ገመድ ያዘ። አለቃው የቀንድ ዋንጫውን እስከ ሐዲዱ ድረስ ይዞት ወጥቶ ነበር። አለክ የደረሰውን ሳይጠጣ መንኮራኩሩ ላይ አፈሰሰው። "እሷም ትቅመስ" አለ። ወንዶቹ በጭጋግ ቀን ነጂውን ለማስጠንቀቅ የሚፈነዳውን ርችት በየሐዲዱ ደርድረዋል። ጧ! ጧ! ጧ! ሴቶቹ መሃረባቸውን እያውለበለቡ... እኔ በመስኮት ወገቤ ድረስ ወጥቼ እጮኻለሁ። ከሁሉም በላይ የጮኽኩት እኔ ነኝ።

ድልድዩን አለፍን። ዶድ አልለቀቀም። እርሻውን አለፍን፣ አልለቀቀም። እያለቀሰ ነበር። እስከ ከተማው ድረስ አንድ ፉጨት ብቻ። አንድ ረጅም።

ሁለቱ አጭር የሉም። ዶድ ረሳ። እኔም ረሳሁ። እንዴት እረሳለሁ?

ስገባ ጄሳን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራለች። ፀጉሯ አልተነካም።

"ጄሳን።"

"ይህን ያህል የሚጮኸው፣ የሆነ ቦታ እሳት ሳይነሣ አልቀረም" አለች። "ባለቤቴ ሊዘገይ ነው። እርስዎ ማንን ፈልገው ነው?"

እርስዎ። ከአሥራ ሰባት ዓመቷ ጀምሮ አንተ፣ አንተ ሰካራም፣ አንተ ቀጣፊ ስትለኝ የኖረች ሴት።

ስንመለስ ዶድ ጨርሶ አላፏጨም።

ኦክቶበር 20፣ ረቡዕ

አውቶቡስ። ሁለተኛው ጥሎኝ ሄዶ ዝናብ ላይ ቆምኩ። የጠያቂ ሰዓት ሊያልቅ ሲል ደረስኩ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

"ይሄ የባለቤቴ ወንበር ነው" አለችኝ፣ በትሕትና። "ግድ የለም ይቀመጡ። ባቡሩ ሲመጣ ግን ይነሡልኛል።"

"እነሣለሁ፣ እመቤት።" ሌላ ምን ልበል?

ጋዜጣውን አነበብኩላት። ሚኒስትሩንና ፈረሱን አመጣኋቸው፣ ትስቅ እንደሆነ ብዬ።

"ጎበዝ አንባቢ ነዎት" አለች። አልሳቀችም። "የኔው አንድ ፊደል አይለይም። ግን ጨዋታው! ቢሰሙት እኮ..."

ዕድሜዬን ሙሉ ስመካ ኖሬ፣ ደህና ሙገሳ ያገኘሁት ዛሬ ነው። እሱንም ሌላ ሰው ሆኜ።

ኦክቶበር 27፣ ረቡዕ

የበርሜሉ ሎሪ ላይ ተጫንኩ። እንደ ባቡሩ አይደለም፣ አጥንት ይፈታል።

ቲኒ ኮሪደሩ ላይ ያዘችኝ። "አባባ ዋቲ፣ ምግብ እምቢ ካለች ሰነበተች። 'ዋቲ ሳይመጣ አልበላም' ነው የምትለው። ቁርጡን ቢነግሯትስ?"

ነገርኳት። "ባቡሩ ቀርቷል፣ ከእንግዲህ አይመጣም" አልኳት።

"ታዲያ ዋቲ በምን ይመጣል?" አለችና እንደ ሕፃን አለቀሰች።

ወዲያው ረሳችው። እኔ አልረሳሁም። ሁለተኛ አልነግራትም። ግን ካልበላች... እንዴት ይሆናል?

ኖቬምበር 3፣ ረቡዕ

የኔ ነገር! ዛሬ ጠዋት ደብተሩን ገልጬ የመጀመሪያውን መስመር ለራሴ አነበብኩ። በስፔይ ሸለቆ እንደኔ የሚያፏጭ... ጽፌው ቁጭ ብያለሁ! የተማረ ደንቆሮ ማለት እኔ ነኝ።

ሎሪው ሲያወርደኝ ወደ ሆስፒታሉ አልገባሁም። ከመስኮቷ ሥር ሐዲዱ ወዳለበት ቁልቁል ወረድኩ። ሐዲዱ ከአሁኑ ዝጓል። ሣሩም ደፍሮታል። ጣቴን አፌ ውስጥ ከተትኩ። ንፋስ ብቻ። ብርዱ ከንፈሬን አድርቆታል። አለቃው ከሰጠኝ ነጭ በትንሽ ጠርሙስ ይዤ ነበር፣ ከንፈሬን አራስኩ። እንደገና። አሁንም እንደተበሳ ጎማ።

የሆስፒታሉ አትክልተኛ ከአጥሩ በላይ ብቅ አለ። "ሽማግሌው! ውሻ ጠፋህ?"

"ባቡር" አልኩት።

በሦስተኛው ወጣ። ሁለት አጭር። የዶድ ራሱ! ቁራዎቹ ከዛፉ ተነሡ። አትክልተኛው ወደ ሐዲዱ ዞሮ አየ... እምላለሁ፣ ዞሮ አይቷል።

ደረጃውን እየሮጥኩ ወጣሁ። ጄሳን ፀጉሯን አበጃጅታለች! "ዋቲ!" አለችኝ። "ዛሬስ ባቡሩ ምን ነካው? በል ተቀመጥ፣ ወንበርህ ነው።" እጄንም ያዘችኝ። ሻይዋን ጠጣች፣ ዳቦም ቀመሰች።

ኖቬምበር 10፣ ረቡዕ

አፏጨሁ። ሾርባውን ጨረሰች።

ኖቬምበር 17፣ ረቡዕ

አፏጨሁ። አትክልተኛው ባርኔጣውን አወለቀልኝ። ጄሳን ከስታለች። እጇ የወፍ እግር መስሏል።

ዲሴምበር 1፣ ረቡዕ

ማፏጨት አላስፈለገም። ቲኒ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር።

ዲሴምበር 4፣ ቅዳሜ

ድሮ የመንደራችን ሰው ከተማ ሲሞት በባቡር ነበር የሚመጣው። ያን ቀን ነጂው አያፏጭም። ባቡሩ ድምፁን አጥፍቶ ሲገባ ያየ ሰው ሁሉ ባርኔጣውን ያወልቃል። ጄሳን በሎሪ መጣች፣ ከባዶ በርሜሎች ጋር። የሬሳ ሳጥኑ እንዳይንሸራተት አለክ ግራና ቀኙን በበርሜል ሽብልቅ አጥብቆ፣ መንገዱን ሙሉ እጁን ጭኖበት መጣ። ያን አልረሳለትም።

መቃብሩ ላይ አለቃው ዋንጫውን ሰጠኝ። ጠጣሁ።

"ሁለቱን አፏጭላት እንጂ" አለኝ አለክ በጆሮዬ።

ጣቴን ከተትኩ። አፌ እምቢ አለ።

ዲሴምበር 15፣ ረቡዕ

ሐዲዱን እየነቀሉት ነው። ድምፁ እስከዚህ ይሰማል። ፋብሪካው አልቆመም። ብቅሉም ይገለበጣል። ረቡዕ ሲሆን ግን ከፈረቃ በኋላ የምሄድበት የለኝም። ቁጭ ብዬ ደብተሩን ከመጀመሪያው አነበብኩት፣ ጣቴን ሳላስኬድ።

ጉራ ሞልቶበታል። ይሁን። ተሸካሚው ባንዲራ ይዞ መውጣቱ እውነት ነው። የአትክልተኛው መዞር እውነት ነው። ሚኒስትሩ ፈረስ እንዳላገባ ጄሳንም ታውቅ ነበር። ኖቬምበር 3 ላይ የጻፍኩት ግን... አንድ ነገር ከራሴ ሞልቻለሁ። እንደ ጋዜጣው።

"ዋቲ" አላለችኝም። እጄንም አልያዘችኝም።

ፉጨቱን ሰምታለች። ፀጉሯን አበጃጅታለች። ሻዩን መጠጣቷም ዳቦውን መቅመሷም ከዚያ በኋላ ነው፣ እሱም እውነት ነው። ስገባ ፊቷ በርቶ ነበር፣ እንደ ሠርጋችን ቀን። እኔ ሞኙ አወቀችኝ ብዬ ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

"ይነሡልኝ እንጂ ጌታዬ" አለች፣ እየሳቀች። "ባለቤቴ መጣ። ደረጃው ላይ ነው።"

ተነሣሁ። ወንበሩን አስተካከልኩለት። ከዚያ እሷና እኔ ሆነን በሩን ጠበቅን።